አፈሳን በብዕሩ የተቃወመው መርከበኛ፦ የካፒቴን ፍሬድሪክ ማሪያት ሕይወት

በዚህ ዕትም ስለ ራሽን ካርድም፣ ስለ ውኃ ቧንቧም ያልሆነ አንድ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ስለ አንድ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። «ደግሞ ይሄ ምን ይሠራልናል?» የምትሉ አትጠፉም፤ በዝግጅት ክፍላችን ውስጥም ይህንኑ ያለ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእርዳታ ከመጡት የመጻሕፍት ካርቶኖች ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ተገኘ። «ፒተር ሲምፕል» ይላል። መጽሐፉን ቀድመው ያነሱት ድሮ በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንድ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አትጻፉ ስላሉን አንጽፍም። ጋሼ ማታ ማታ በሻይ ቤቱ ተቀምጠው እያነበቡ፣ ወዲያውም ወደ አማርኛ እየመለሱ ለወጣቶቹ ይተርኩላቸው ጀመር። ሁለት ሦስት ቀን ሳቅ ብቻ ነበር። ልጁ መርከብ ላይ ይጃጃላል፣ አለቆቹ ያላግጡበታል። በአራተኛው ማታ ግን መርከበኞቹ ዱላ ይዘው ወደ ከተማ ወጥተው ወንድ ሲለቅሙ የሚያሳየው ምዕራፍ ላይ ተደረሰ። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። «ኧረ ይሄማ አፈሳ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ከእኛ ከአዘጋጆቹ መካከል አንዱ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ገበያ ላይ በቆሎ ሲሸጥ ታፍሶ ለውትድርና የተወሰደ ነው፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ ማታ ተመልሶ መጥቶ «ያቺን ምዕራፍ እንደገና ያንብቡልኝ» አላቸው።

እንግዲህ «ይህን የጻፈው ሰው ማነው?» ብለን መጠየቅ የጀመርነው ያኔ ነው። ያገኘነውን እነሆ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

የሀብታም ልጅ፣ የወንድሙ ሱሪ

ፍሬድሪክ ማሪያት ጁላይ 10 ቀን 1792 በለንደን፣ ዌስትሚንስተር ተወለደ። አባቱ ጆሴፍ ማሪያት ትልቅ ነጋዴና የፓርላማ አባል ነበር፤ በኋላም የመርከብ መድን የሚሸጥበት የሎይድስ ገበያ ሊቀመንበር ሆኗል። የቤተሰቡ ሀብት ከካሪቢያን ደሴቶች ጋር የተሳሰረ ነው፤ ይህም ማለት ከባሪያ ጉልበት ጋር ማለት ነው። አባትየው የባርነትን መቅረት በአደባባይ ሲቃወም የኖረ ሰው ነበር። ይህን ነገር ወደ ኋላ ስለምንመለስበት ያዙልን።

ልጁ ከትምህርት ቤት እየጠፋ ወደ ባሕር ለመሄድ ደጋግሞ ሞክሯል። አንድ ጊዜ ተይዞ ለምን እንደሚጠፋ ሲጠየቅ፣ ታላቅ ወንድሙ የጨረሰውን አሮጌ ሱሪ ልበስ ስለሚሉኝ ነው ብሎ መለሰ ይባላል። በየቤታችን ታናሽ ሆነን ያደግን ሁሉ እንረዳዋለን! በመጨረሻ አባቱ ተሸነፈና በ1806፣ ልጁ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ሳለ፣ «ኢምፔሪየስ» በተባለች የጦር መርከብ ላይ በዕጩ መኮንንነት አስገባው። የመርከቧ አዛዥ ሎርድ ኮክሬን ነበር። ኮክሬን በዚያ ዘመን በድፍረቱ ወዳጅም ጠላትም የሚያወራለት ሰው ነው። ማሪያት ከእርሱ ጋር በቆየበት ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከሃምሳ በላይ ግጥሚያ ማየቱን ራሱ ተናግሯል። ቁጥሩ የተጋነነ ይመስላል፤ ግን «ኢምፔሪየስ» በፈረንሳይና በስፔን ዳርቻ ምሽግ ስታፈርስ፣ ጀልባ ስትማርክ፣ ሌሊት ሌሊት ሰው ወደ ባሕር ዳር ስታወርድ የከረመች መርከብ ነበረች።

ከነዚህ ውጊያዎች በአንዱ ልጁ ተመትቶ ወደቀና ከሬሳ ጋር ደርድረው አስተኙት። እዚያው መርከብ ላይ ዘወትር የሚጨቁነው አንድ ዕጩ መኮንን ነበር። መጥቶ በሬሳው ላይ ሲያፌዝ፣ «ሬሳው» ዐይኑን ገልጦ ሰደበው ይባላል። ከዚህ የሚበልጠው ግን በኋላ የሆነው ነው። ያው ጨቋኙ ልጅ አንድ ቀን ባሕር ውስጥ ወደቀ። ዘሎ ገብቶ ያወጣው ማሪያት ነበር። ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤም ካዳነው ሰዓት ጀምሮ ያንን ልጅ እንደ ወዳጅ እንደወደደው ነገራት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና «ሰው ያዳኑትን ይወዳል፤ ያዳነውን መውደድ ነው የሚከብደው» አሉን።

የባሕርን ነገር ለማያውቁ ትንሽ እናብራራ። የዚያ ዘመን መርከብ በሸራና በነፋስ ነው የሚሄደው። ሰው ሲወድቅ «ቁም!» ቢሉት አይቆምም። ሸራዎቹ ዞረው ነፋሱን እስኪለቁ፣ ጀልባ ተፈትቶ እስኪወርድ ድረስ የወደቀው ሰው ሩቅ ቀርቷል። አብዛኛው መርከበኛም ዋና አይችልም ነበር። ስለዚህ የወደቀውን ሰው ማዳን የሚቻለው ሌላ ሰው ወዲያው ዘሎ፣ ጀልባ እስኪደርስ ድረስ ደግፎ ከያዘው ነው። የዘለለውም አብሮ ሊቀር ይችላል። ማሪያት ይህን አንድ ጊዜ አይደለም ያደረገው፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ከአሥር በላይ ነፍስ ይቆጥሩለታል። በመካከላችን በሌሊት ጀልባ ባሕር የተሻገሩ፣ ጎናቸው የነበረ ሰው ሲወድቅ ያዩ አሉ። ለነርሱ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1818 የነፍስ አድን ጀልባ ንድፍ ሠርቶ፣ ከሞት አፋፍ ሰው ለማትረፍ ከተቋቋመው የእንግሊዝ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ።

አሥር ባንዲራ

በ1812 መጨረሻ ሌተናንት ሆነ፤ በጁን 1815 ደግሞ ኮማንደር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ናፖሊዮን በዋተርሉ ተሸነፈና ሰላም ሆነ። ሰላም ለወጣት መኮንን ክፉ ዜና ነው፤ መርከቦቹ ይታሰራሉ፣ መኮንኑ በግማሽ ደመወዝ ቤቱ ይቀመጣል። ማሪያት በዚያ ሥራ ፈትነት ወቅት፣ በ1817፣ ለንግድ መርከቦች የሚሆን የምልክት መጽሐፍ አሳተመ።

ጋሼ ይህን ሊያሳዩን ከአሮጌ ልብስ አሥር ቁራጭ ጨርቅ ቆርጠው በሲባጎ አንጠለጠሏቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። አሥሩ ባንዲራ ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ናቸው። መጽሐፉ ደግሞ በክፍል የተከፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል የመርከቦች ስም፣ ሌላው የወደቦች፣ ሌላው ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ሌላው ነጠላ ቃል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶታል። የትኛውን ክፍል መክፈት እንደሚገባ የምትነግር ተጨማሪ ባንዲራ አለች። ስለዚህ ሁለት የማይተዋወቁ መርከቦች ባሕር መሀል ተገናኝተው፣ አንዱ ባንዲራ ይሰቅላል፣ ሌላው በመነጽር ቁጥሩን አንብቦ መጽሐፉን ይገልጣል። «ውኃ አልቆብናል»፣ «ሕመምተኛ አለብን»፣ «ወዴት ትሄዳላችሁ?» መባባል ተቻለ። መጽሐፉ በየአገሩ መርከበኞች እጅ ገባ፤ የእንግሊዝ መንግሥት የራሱን የምልክት መጽሐፍ ያወጣው ገና በ1857 ነው። ማሪያት ልቦለድ ከመጻፉ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ከማንኛውም ልቦለዱ ይበልጥ ለነፍስ የጠቀመ መጽሐፍ ጽፎ ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

በ1819 ካትሪን ሼርፕ የተባለች ሴት አገባ፤ አሥራ አንድ ልጆች ወለዱ። በኋላ ተለያይተዋል። በ1821 ናፖሊዮን በግዞት ሳለ በሴንት ሄሌና ደሴት ሲሞት፣ ማሪያት እዚያ ነበርና የአስከሬኑን ሥዕል በእጁ ነድፎ ይዞ ተመለሰ። ያ ሁሉ አውሮፓን ያንቀጠቀጠ ሰው በግዞት ሞቶ፣ ከጠላቶቹ አንዱ እርሳስ ይዞ ፊቱን ሲቀርጽ!

«ፕሮቴክሽን» ያለውም አልዳነም

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ።

በ1793 ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሲጀመር፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከአንድ ዓመት በፊት የነበረው ሰው 16,000 ገደማ ነበር። በ1810 ፓርላማው የፈቀደው ቁጥር 145,000 ደርሷል። ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? ደመወዙ አይጋብዝም፤ የተራ መርከበኛ ደመወዝ ከ1653 ጀምሮ እስከ 1797 ድረስ፣ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ማለት ነው፣ አልተጨመረም ነበር። የተጨመረውም መርከበኞቹ ስላመፁ ነው። ስለዚህ መንግሥት ያፍስ ነበር። ሕጉ ይፈቅድለታል። ከአሥራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለ፣ ባሕር የሚያውቅ ወንድ ሁሉ ለንጉሡ መርከብ ሊወሰድ ይችላል።

አሠራሩን ስሙና ፍረዱ። አንድ ሌተናንት በወደብ ከተማ፣ ብዙ ጊዜ መጠጥ ቤት፣ ቤት ይከራያል። ጉልበተኞች ይቀጥርና ዱላ ያስይዛቸዋል። ማታ ይወጣሉ። የመርከበኛ አረማመድ ያለው፣ እጁ ላይ የሬንጅ እድፍ የታየበት ተይዞ ይሄዳል። የባሰው ግን ባሕር ላይ የሚደረገው ነበር። የንግድ መርከብ ሕንድ ደርሳ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይታ ስትመለስ፣ የአገሯ ዳርቻ እየታየ፣ ሚስትና ልጅ ወደብ ላይ እየጠበቁ፣ የጦር መርከብ መንገድ ላይ ያስቆማታል። የሚፈለጉት ሰዎች ከመርከብ ወደ መርከብ ይዛወራሉ። መሬት ሳይረግጡ እንደገና ለስንት ዓመት! ከዚያም በኋላ ወደብ ሲገባ ይጠፋሉ ተብሎ ስለሚፈራ ለዕረፍት እንኳ አይወርዱም።

ሻይ ቤቱን በሳቅ የገደለው ግን ይህ ነው። ከአፈሳ ነፃ የሆኑ ሰዎች ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። የወረቀቱ ስም ማን ይመስላችኋል? «ፕሮቴክሽን»! ቁመቱ፣ የፀጉሩ ቀለም፣ ፊቱ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር ተጽፎበታል። ሰውየው ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ችኩል ጊዜ ሲመጣ ግን አለቆቹ «ወረቀት አትዩ፣ ሁሉንም አምጡ» የሚል ትእዛዝ ያወርዳሉ። ያን ጊዜ ፕሮቴክሽን የያዘውም ያልያዘውም እኩል ታፈሰ። አሜሪካኖችም ከመርከቦቻቸው ላይ መርከበኛ እየተለቀመባቸው ተማረሩ፤ በ1812 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከገቡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ማሪያት አልታፈሰም። የሀብታም ልጅ ነው፣ በምርጫው ገብቶ በመኮንንነት ያደገ። በተቃራኒው የአፈሳው ተጠቃሚ ነው፤ የታፈሱት ሰዎች በሚጎትቱት ሸራ ነበር ማዕረግ ያገኘው። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ግን አብሯቸው በአንድ እንጨት ላይ ኖሯል። ዘሎ ካወጣቸው ሰዎች መካከል በገዛ ፈቃዱ እዚያ ያልነበረ ስንቱ ይሆን? በ1822፣ ገና በሥራ ላይ ያለ ኮማንደር ሳለ፣ በባሕር ኃይል የሚሠራበት አፈሳ እንዲቀር ሐሳብ የሚያቀርብ ቀጭን መጽሐፍ በስሙ አሳተመ።

በስሙ መሆኑን ልብ በሉልን። እድገት፣ መርከብ፣ ሽልማት ሁሉ ከአድሚራሊቲው እጅ ነው የሚገኘው። ብዙ መኮንኖች አፈሳ ክፉ ቢሆንም ግድ ነው ይሉ ነበር፤ ጦርነት ሲመጣ ሌላ መንገድ የለም፣ አገር ከሚጠፋ ነው ነገሩ። ይህን አባባል እኛም በየቋንቋው ሰምተነዋል። ማሪያት ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር።

ዋጋውንም ከፈለ። ልጁ ፍሎረንስ፣ እርሷም ደራሲ ናት፣ በ1872 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኩ እንደምትተርከው፣ የምልክት መጽሐፉን አይቶ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ የክብር ሌጌዎን ሜዳይ ሰጠው። ሜዳዩን በአገሩ ለማድረግ የእንግሊዝ ንጉሥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ንጉሡ ዊልያም አራተኛ ራሱ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። ስለ አፈሳ የጻፈው ያ ሰው መሆኑን ሲያውቅ ፈቃዱን ከለከለው። አሥር ዓመት አልፎት እንኳ አልተረሳለትም ማለት ነው።

እውነት ለመናገር ግን ሙሉ በሙሉ አልተገፋም። በ1824 በበርማ ጦርነት በራንጉን የነበሩትን መርከቦች መርቷል። እዚያ ከጥይት ይልቅ በሽታ መርከበኞቹን አጨዳቸው። «ዲያና» የምትባል ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ለውጊያ እንድትሰለፍ የገፋፋውም እርሱ ነው፤ በጦርነት ከዋሉት የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት መርከቦች አንዷ ናት። ካፒቴን ሆነ፣ ኒሻንም ተሸለመ። በ1830 ግን በገዛ ፈቃዱ ባሕር ኃይሉን ለቀቀ። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነበር።

ከመርከብ ወደ ጠረጴዛ

የመጀመሪያ ልቦለዱ «ፍራንክ ማይልድሜይ» በ1829፣ ገና መርከብ እያዘዘ ሳለ ወጣ። ጀግናው ጥሩ ሰው አይደለም፤ አንባቢው ደግሞ «ይሄ ማሪያት ራሱ ነው» አለ። ሰው የራሱን ጀብዱ ከመጽሐፉ ለመደበቅ ሲሞክር እንዲህ ነው፣ ግማሹ ይቀርበታል።

በ1830 የወጣው «ዘ ኪንግስ ኦውን» ግን ከእኛ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1797 በኖር ወደብ በተነሳው የመርከበኞች አመፅ ነው። ያ አመፅ በእውነት የሆነ ነው፤ መሪው ሪቻርድ ፓርከር በመርከብ ላይ ተሰቅሏል። በልቦለዱ ውስጥ የአንድ ትንሽ ልጅ አባት በአመፁ ምክንያት ይሰቀላል። ልጁ እዚያው መርከብ ላይ ይቀራል። መርከበኞቹም ለንጉሥ ዕቃ የሚደረገውን የቀስት ምልክት ትከሻው ላይ ይወቅሩታል። «የንጉሡ ንብረት» ማለት ነው። አባቱን የገደለው መንግሥት ልጁን ምልክት አድርጎ ወሰደው። በቀጭኑ መጽሐፍ የተናገረውን በዚህ በሥጋና በደም ተናገረው።

ከዚያ «ፒተር ሲምፕል» በ1834 መጣ፣ ያ የኛ ሽፋን አልባ። የአፈሳው ምዕራፍ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አፋሾቹ ዱላ ይዘው ሲገቡ አንዲት ሴት ተዋግታ ትመልሳቸዋለች። ማሪያት ያስቃል፤ እየሳቃችሁ ግን ሴትየዋ ማንን ከኋላዋ እንደደበቀች ታስባላችሁ። ባልደረባችን እንደገና ይነበብልኝ ያለው ይህንን ነው። ምክንያቱን ኋላ ነገረን። እርሱ በታፈሰ ዕለት እናቱ ከአፋሾቹ አንዱን በቆሎ በለካችበት ጣሳ መትታዋለች። ከዚያ ወዲህ አላያትም።

«የመጻሕፍቱ ውጤት ምን ሆነ?» ትሉ ይሆናል። አፈሳው ከ1815 ሰላም በኋላ በተግባር ቆሟል፤ በ1835 የወጣ ሕግ ደግሞ የታፈሰ ሰው ከአምስት ዓመት በላይ እንዳይያዝ ወሰነ። በ1853 ባሕር ኃይሉ መርከበኞችን በውል፣ ለተወሰነ ዓመት በደመወዝ መቅጠር ጀመረ። ይህን ሁሉ ማሪያት አመጣው አንልም፤ ብዙ ሰው የደከመበት ነው።

መስቲ

በጣም የታወቀው መጽሐፉ «ሚስተር ሚድሺፕማን ኢዚ» በ1836 ታተመ። ጀግናው ጃክ ኢዚ፣ አባቱ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» እያለ ያሳደገው ልጅ ነው። ይህን ፍልስፍና ይዞ የጦር መርከብ ላይ ይወጣል! አለቃ ሲያዝዘው «እስቲ እንከራከር» ይላል። ማሪያት በእኩልነት ሐሳብ እያሾፈ ነው፤ መርከብ ላይ ማዕረግ ከሌለ ሁላችንም እንሰምጣለን ባይ ነው።

ጃክ መርከብ ላይ የሚያገኘው ዋና ወዳጁ ግን መስቲ የሚባል አፍሪካዊ ነው። በአገሩ በአሻንቲ መስፍን የነበረ፣ ተሸጦ በባርነት የኖረ፣ አሁን ለዕጩ መኮንኖቹ ሻይ የሚያፈላ። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ብልህና ደፋር እርሱ ነው፤ ጃክን ደጋግሞ ያድነዋል። በዚያው መጠን ማሪያት ንግግሩን እያጣመመ ያስቅበታል። ጋሼ እዚህ ላይ ተቆጥተዋል፤ «መስፍን ብሎ ሾሞ፣ እንደ ሕፃን ያናግረዋል» አሉ። እኛም እንስማማለን። ቅድም ያዙልን ያልናችሁ የአባትየው ሀብት እዚህ ይመጣል። በእንግሊዝ ዱላ የታፈሰውን ነጭ መርከበኛ ሰቆቃ ያየ ሰው፣ በቤቱ ሀብት ሥር የነበረውን ባሪያ በዚያው ዐይን አላየውም። ወይም በግማሽ ዐይን አየው። መስቲን መፍጠሩ ግማሹ ነው፤ የቀረውን ግማሽ አልጻፈውም።

አሜሪካና ሽሽት

በ1837 ወደ አሜሪካ ሄደ። ዓላማው አገሩን ማየት ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ አሳታሚዎች ልቦለዶቹን ያለ ፈቃድ እያተሙ ሳንቲም አይከፍሉትም ነበርና መብቱን ለማስከበር ፈልጎ ነው። አልተሳካለትም። በዚያው ጊዜ ካናዳ ውስጥ አመፅ ተነሳ፤ ማሪያትም ከእንግሊዝ ወታደሮች ጎን ቆመ። ለአማፅያኑ ስንቅ ታመላልስ የነበረችውን «ካሮላይን» የተባለች የአሜሪካ ጀልባ ያቃጠሉትን ሰዎች በአንድ ግብዣ ላይ ጽዋ አንስቶ አመሰገነ። አሜሪካኖቹ ሲሰሙ በየከተማው ምስሉን ከጨርቅ ሠርተው አቃጠሉት፣ መጻሕፍቱንም አብረው። እርሱም በ1839 ስለ አሜሪካ ባወጣው የጉዞ መጽሐፍ ብድሩን መለሰ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1843 ኖርፎክ ውስጥ ላንግሃም ወደተባለ መንደር ገብቶ እርሻ ጀመረ። በእርሻ ገንዘብ አጠፋ እንጂ አላተረፈም። ለልጆቹ ብሎ መጻፍ የጀመረውም በነዚህ ዓመታት አካባቢ ነው፤ በ1841 የወጣው «ማስተርማን ሬዲ» ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ስለ ቀረ ቤተሰብ ነው። በ1847 ደግሞ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ቤታቸው ተቃጥሎ በጫካ ውስጥ ሰው ደብቆ ስላሳደጋቸው አራት ወንድምና እኅቶች የሚተርከውን «ዘ ችልድረን ኦፍ ዘ ኒው ፎረስት» ጻፈ። ይህኛው እስካሁን ለልጆች ይታተማል።

በዚያው ዓመት ወደ ባሕር ለመመለስ አመለከተ። አድሚራሊቲው አልተቀበለውም። በንዴቱ የደም ሥሩ ፈነዳ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ አልዳነም። ዲሴምበር 20 ቀን 1847 ሌሊት «አቬንጀር» የተባለች የጦር መርከብ በሰሜን አፍሪካ ዳርቻ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ከጠፉት መካከል የማሪያት የበኩር ልጅ ሌተናንት ፍሬድሪክ ይገኝበታል። በወጣትነቱ ያን ሁሉ ሰው ከባሕር ያወጣ አባት፣ የልጁን መርዶ አልጋ ላይ ሆኖ ሰማ።

ኦገስት 9 ቀን 1848 በላንግሃም ሞተ። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። እስከ መጨረሻው ሳምንታት ድረስ ለልጆቹ እየነገረ ያስጽፍ ነበር። ከእርሱ በኋላ ፖላንዳዊው ስደተኛ መርከበኛ ጆሴፍ ኮንራድ፣ እንግሊዝኛን አድጎ የተማረ ደራሲ፣ በ1898 ስለ ባሕር ታሪኮች ሲጽፍ የማሪያትን ውለታ አንስቷል።

ማስታወቂያ ቢጤ፦ «ፒተር ሲምፕል» አሁን ጋሼ ዘንድ ነው። ንባቡ ማክሰኞና ዓርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሻይ ቤቱ ይቀጥላል። እናቶችም ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ቦታ እንዲለቀቅላችሁ ለወጣቶቹ ነግረናል። ሽፋን መስፋት የሚችል ሰው ቢኖር መጽሐፉ ቅጠሉ መርገፍ ስለጀመረ እባካችሁ ድረሱለት። «ሚስተር ሚድሺፕማን ኢዚ»ን በካርቶኖቹ ውስጥ ፈልገን አላገኘነውም። በእጁ ያለ ሰው ካለ ለሁለት ሳምንት ያውሰን፤ ባልደረባችን ፈርሞ ይወስዳል፣ ፈርሞ ይመልሳል።